የሸዋዬ እጅ

«እነዚህኞቹ እኮ ሰፈራቸው ፈርሷል። ማንን ነው የሚወክሉት?»

ይህን ያለችው ከስብሰባ አዳራሹ በር ላይ፣ ከምዝገባው ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ናት፤ ደረቷ ላይ ሉሊ የሚል ስም ለጥፋለች። ያለችው በሹክሹክታ፣ አጠገቧ ለተቀመጠው ባልደረባዋ ነው። ሹክሹክታ ግን አንዳንዴ ሰው እንዳይሰማ ሳይሆን ሰምቶ እንዳይመልስ የሚደረግ ነገር ነው። የሺሃረግ ሰማች። ሰምታም መታወቂያዋን ዘረጋች። መታወቂያው ላይ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ተብሎ ተጽፏል፤ ወረዳው አለ፣ የቤት ቁጥሩ አለ፤ የሌለው ቤቱ ነው። ሉሊ ስሟን አመሳከረችና «የነዋሪዎች ተወካይ» የሚል አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ሰጠቻት። «ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነዎት፣ እናቴ» አለቻት በጥሩ ፈገግታ። እንዲህ ያለው ፈገግታ ነው ይበልጥ የሚያናድደው። የሺሃረግ ካዛንቺስ ሳለች ውሃ በጠፋ ቁጥር ወረዳ ድረስ ሄዳ በር የምትደበድብ ሴት ነበረች። ዛሬ ግን ቁጣዋን ለአዳራሹ ስላስቀመጠችው ካርዱን አንገቷ ላይ አጥልቃ ገባች።

ለአዳራሹ ያስቀመጠችው ነገር አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ክልል ትሁን። ሕዝቡ በአገሩ ጉዳይ ሐሳቡን ይስጥ ተብሎ ከየወረዳው ተወካይ ሲመረጥ፣ ካዛንቺስ ገና ቆማ ሳለ፣ የሴቶቹ ዕድር እሷንና ታናሽ እህቷን ሸዋዬን መረጠ፤ የወንዶቹ ዕድር ደግሞ የሸዋዬን ባል ፈየራን። ስብሰባው ዛሬ ነገ ሲባል የሰፈሩ መፍረስ ቀደመው። ቤቱ ፈርሶ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ሸዋዬም ሄዳ፣ ስብሰባው ይኸው ዛሬ ደረሰ። የሺሃረግ «ሞተች» አትልም። ዓመት ሊሞላ ነው፣ አንድም ቀን ያቺ ቃል ከአፏ አልወጣችም፤ «ሄደች» ነው የምትለው፤ ሊያርማት የሚደፍር የለም። የክልሉን ነገር ያስተማሯት ጡረተኛው መምህር አቶ አረጋዊ ናቸው። አንድ እሁድ ዕድር ቤት ቁጭ ብለው፣ ክልሎቹ ሁሉ የራሳቸው መንግሥት እንዳላቸው፣ አዲስ አበባ ግን ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤትም የኔ የምትለው ወንበር እንደሌላት አስረዷቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሺሃረግ የሰፈሯን መፍረስ ከዚያች ከሌለችው ወንበር ጋር አስራዋለች። አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ «ቆይ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው አለ» ይል ነበር ብላ ታምናለች። ክልል በሆነውም አገር ቤት ይፈርሳል፤ ይህን የሚነግራት ሰው ግን ሐዘኗን የሚቀማት ይመስላታል።

ጠዋት የነቃችው ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ በልጇ በናኦድ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው። ያነቃት ግድግዳው ነው። ሁሌም እንደዚሁ ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ መንገዱ ላይ የመኪና ጡሩምባ ሳይጀምር፣ ከራስጌዋ በኩል ሰው በጣቱ አንጓ ግድግዳ የሚመታ ድምፅ ይመጣል። ካዛንቺስ የእሷና የሸዋዬ ቤት የሚጋሩት ግድግዳ የጭቃ ነበር፣ ጋዜጣ በጋዜጣ ላይ የተለጠፈበት። ሸዋዬ ማታ ስትተኛም ጠዋት ስትነሳም ትመታዋለች፤ የሺሃረግም ከወዲህ «አለሁ» ትላለች። ሌላ ወሬ የለውም። ተኮራርፈው እንኳን፣ አንዷ ታማ እንኳን፣ «አለሁ» ሳይባል የነጋበት ቀን የለም። የጎተራው ግድግዳ ግን ብሎኬት ነው፤ ከወዲያ በኩልም ክፍል የለም፣ ባዶ አየር ነው። ይህን አንድ ቀን ታች ወርዳ አንጋጣ አይታ አረጋግጣለች። ዛሬም ሲመታ ከንፈሯ ሊመልስ ተከፈተ፣ መልሳ ገጠመችው። ድምፁ አይደለም የሚያስፈራት፤ ከመለሰች በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው።

ናኦድ ቁርሱን እየበላ ስልኩን ያያል። «እማ፣ ማለቴ፣ ክልል ብትሆን ምን ይለወጣል? ቤቱ አይመለስ። በቃ ተይው» አላት። እሷ ሻይዋን አማሰለች። ስለ ሽንኩርት አወሩ፤ ትናንት በአንድ ዋጋ የሸጠላት ሰውዬ ዛሬ በሌላ ዋጋ እንደሚሸጥ፣ ሲጠየቅም እንደሚቆጣ። ከዚያ ናኦድ ቀና ሳይል «ጋሽ ፈየራም ይመጣል፣ አይደል?» አለ። በዚህ ቤት የፈየራ ስም ሲነሳ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው የሚጮኸው። 

ከፈየራ ጋር የተቀያየሙት በመቃብር ቦታ ነው። ሸዋዬ የሄደች ዕለት የሺሃረግ «ዑራኤል ነው የምታርፈው፣ እዚያ ነው ክርስትና የተነሳችው» አለች። ፈየራ ደግሞ «ድንኳን የምንተክልበት ደጅ የለንም፤ ሰዉ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ማን ይቀብራታል?» ብሎ ሱሉልታ፣ አባቶቹ ወደሚቀበሩበት አጥቢያ ወሰዳት። እውነቱን ለመናገር የሱሉልታ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነው ያለቀሰላት። የሺሃረግ ግን አውቶቡሱ ውስጥ ሆና ከተማዋ ስታልቅ፣ የክልሉ ሰሌዳ በመስኮት ሲያልፍ አየች፤ እህቴን ከአገሯ አወጣት አለች በልቧ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆማ ቀረች፣ መቃብሩ ድረስም አልገባች። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች፤ ሆዷም ይኸው እስከ ዛሬ እየፈጀው ነው።

ከጎተራ በታክሲ ኦሎምፒያ ወርዳ ነበር አዳራሹ ወዳለበት ወደ ካዛንቺስ በእግሯ የሄደችው። ጊዜ ስለነበራት አንድ ካፌ ገባች፣ ግድግዳው ላይ የማኪያቶውን ዋጋ አነበበችና ሰው የምትፈልግ መስላ ዞር ዞር ብላ ወጣች። ካዛንቺስ አምራለች። ይህን መካድ አይቻልም፤ መንገዱ ሰፊ ነው፣ አበባው ተተክሏል፣ የመንገድ መብራቱ ቆንጆ ነው፣ ለብስክሌት እንኳን መንገድ ተሠርቶለታል። የሺሃረግን ያስጨነቃት እግሯ ነው። አእምሮዋ አዲሱን መንገድ ያያል፣ እግሯ አሮጌውን ሰፈር ይሄዳል። ድሮ ቱቦው የነበረበት ጋ ስትደርስ እግሯ ሊሻገር ከፍ አለ፤ የጎረቤቷ የሙሐባ ሱቅ የነበረበት ጋ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሞከረ፣ እዚያ ግን የሣር መደብ ነው ያለው። «እትዬ፣ ሣሩን አይርገጡ» አላት ጥበቃው፣ በትሕትና። ያቺ ቦታ የጎረቤቷ የከድር ቤት በር ነበረች። የሺሃረግ ይቅርታ ጠይቃ ወረደች፤ ግን ጥበቃውን ይሁን ከድርን ይቅርታ የጠየቀችው እሷም አታውቅም።

አዳራሹ ውስጥ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ፈየራ ቀድሟት ተቀምጧል። ከስቷል። የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሳለ የሚለብሳት ጃኬት ትከሻው ላይ ሰፍታዋለች። «እንደምን አደሩ?» አላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ከእሱ ራቅ ብላ፣ ከአቶ አረጋዊ ጎን ተቀመጠች። ከወዲያ በኩል ከውሰር የምትባል ኮምፒውተር ቤት የምትሠራ ወጣት አለች፤ ሌሎቹ ከላንቻና ከመስቀል ፍላወር የመጡ ናቸው። አንድ ወንበር ባዶ ነው። አወያዩ ሙሐሲን ይባላል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው እንዳይከፋው የሚጨነቅ ልጅ ነው። «በመጀመሪያ ስም ልጥራ» አለ፣ የተሰጠውን ወረቀት አንስቶ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ መንገር ያስፈልጋል። በካዛንቺሱ የሴቶች ዕድር ስም ሲጠራ የቀረች ካለች፣ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ «አለሁላት» ትላለች። ያን ያለች ሴት ለቀረችው ዋስ ናት፤ የተባለውን ትሰማላታለች፣ ለቅሶ ካለ በእሷ ፈንታ ትቆምላታለች፣ የቀረችውም እንደመጣች ይቆጠርላታል። አንድ ነገር ብቻ ነውር ነው፤ የራስን ሐሳብ በቀረችው ስም መናገር። ይህን ያደረገች አንዲት ሴት ነበረች፣ ከዕድሩ ባትባረርም ከዚያ ወዲያ «አለሁላት» እንድትልላት ያመነቻት ጎረቤት የለችም። የሺሃረግና ሸዋዬ ይህንን «አለሁላት» ሲባባሉ ነው ያረጁት።

«ወይዘሮ ሸዋዬ» ሲል ጠራ ሙሐሲን።

አዘጋጆቹ የድሮውን የስም ዝርዝር ነው ይዘው የመጡት፤ ማንም የነገራቸው የለም። የሺሃረግ አላሰበችም። አፏ ነው ያሰበው። «አለሁላት» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፈየራ የያዘው እስክሪብቶ ወደቀ፣ ጎንበስ ብሎም ለማንሳት ከሚገባው በላይ ቆየ። አቶ አረጋዊ ሸዋዬን ከቀበሩት መካከል ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለዚህ ጊዜ ነው የተፈጠረው። ሙሐሲን ደግሞ ታማ ቀርታ እህቷ ወክላታለች ብሎ ተረዳና «እግዜር ይማራት» ብሎ ምልክት አደረገ። የሺሃረግ ባዶውን ወንበር አየችው። ለአፍታ ያህል አልከፋትም፤ እንዲያውም ደስ አላት። ሸዋዬ አንድ ቦታ እንዳለች ተቆጠረች።

ውይይቱ ሲጀመር የሺሃረግ ያስቀመጠችውን አወጣች። «እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፣ ከዚህ ግድግዳ ማዶ። አገርሽ የት ነው ሲሉኝ ካዛንቺስ ነው እላለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ። ግብር እከፍላለሁ፣ ሰልፍ ውጪ ስባል እወጣለሁ። ስለ እኔ ሲወሰን ግን እኔ የለሁም። ሌላ ሰው ነው ስለ እኔ እጁን የሚያወጣው። ክልል እንሁን፣ ወንበራችን ይሰጠን፣ የራሳችንን እጅ ራሳችን እናውጣ» አለች። ከውሰር አጨበጨበች። «እግዜር ይስጥዎት! በቃ ይሄው ነው እኮ። ማለቴ፣ ሪፕረዘንቴሽን ከሌለ ታክሱ ምንድን ነው? ስንት ሚሊዮን ሰው ነን፣ ፌዴሬሽኑ ላይ ግን ዜሮ» አለች።

ፈየራ ከሁሉም በኋላ ነው የተናገረው፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ድምፅ ይኑረን የሚለውን የሚጠላ የለም፤ እኔም ሰፈሬ ነው የፈረሰው። ግን እኔ የሱሉልታ ልጅ ነኝ። አባቴ ካዛንቺስ ድረስ ወተት ሲያመጣ ድንበር የሚባል ነገር መንገዱ ላይ አልነበረም፤ ደክሞት የሚያርፍበት ዛፍ ነበር እንጂ። የእኔ ዘመዶች ደግሞ ከተማዋ እየሰፋች መጥታብን መሬታችንን በላችብን ይላሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው። ክልል ስንል ድንበር ማለታችን ነው። አሁን መስመሩ አለ፣ ግን ቀጭን ነው፣ ተሻግሬው እውላለሁ። ስናወፍረው እኔ በየትኛው በኩል እንደምቆም ንገሩኝ። ግማሽ ቤቴ ወዲያ ማዶ ነው ያለው» አለ። ሌሎቹ ዘመዶቹን ማለቱ መሰላቸው። የሺሃረግ ግን ግማሽ ቤቱ ማን እንደሆነች ታውቃለች።

ከምሳ በኋላ ሙሐሲን አንድ ሐሳብ ብቻ ከየጠረጴዛው እንደሚሄድ ነገራቸው። ካልተስማሙ እጅ ይወጣል። «አዲስ አበባ ራሷን የቻለች ክልል ትሁን የሚለው የጠረጴዛችን ሐሳብ ሆኖ ይቅረብ የምትሉ?» የሺሃረግ፣ ከውሰር፣ አቶ አረጋዊና አንድ የላንቻ ሰው አወጡ። «ባለበት ይቆይ፣ ድንበር አንንካ የምትሉ?» ፈየራና ሦስት ሌሎች አወጡ። አራት ለአራት። ሙሐሲን ራሱን አከከ፣ ከዚያ ወረቀቱን አየና ፊቱ በራ።

«ለካ አንድ ድምፅ ቀርቶናል! ወይዘሮ ሸዋዬ። እናቴ፣ እርስዎ ነዎት የያዙላት። ምን ትላለች?»

ምን ትላለች? የሺሃረግ ቀኝ እጇን ለራሷ አውጥታለች፤ ግራው ጭኗ ላይ ነው። ያ ግራ እጅ ቢነሳ ወሬው አለቀ። አንድ ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ተኝታ የሸመደደችው ነገር በወረቀት ታትሞ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከጠረጴዛው አንድም ሰው አይከራከራትም፣ ፈየራም እንኳን። ከውሰር በዓይኗ «በርቺ» ትላታለች። እጁ መነሳት ጀመረ፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ትንሽ ከፍ አለ። የሺሃረግ የእህቷን ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን ወደ ውስጥ አዞረች። ሸዋዬ ስለዚህ ነገር ምን ትላለች? ፈለገች፤ የለም። የት ልረፍ ብላ ነበር? እሱንም ፈለገች፤ እሱም የለም። የሺሃረግ ይህን የማታውቀው፣ ሸዋዬ ዝምተኛ ስለነበረች ብቻ አይደለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ግድግዳው ሲመታ የሺሃረግ «አለሁ» ብላለች እንጂ «አንቺስ?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ደግሞ የሰው እጅ ልታወጣ ነው። ያን ጊዜ ቤቷን ያፈረሱት ሰዎች በእሷ ስም እንዳወጡት ዓይነት እጅ። ግራ እጇ ከበዳት፤ የራሷ አልመስል አላት፤ ቀዝቃዛ ነበር። አወረደችው።

«እናቴ?» አለ ሙሐሲን።

«ሞታለች» አለች የሺሃረግ።

ከሌሎቹ ጠረጴዛዎች የሚመጣው ጫጫታ ብቻ ቀረ። «እህቴ ሞታለች። ዓመት ሊሞላት ነው። ጠዋት ስሟ ሲጠራ አፌ አመለጠኝ፣ ይቅር በሉኝ። ሰርዟት» አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ ሰው ፊት ታለቅሳለች ብሎ ማንም ያልጠበቃት ሴት፣ አንገቷ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ ዓይኗን እየጠረገች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከውሰር ተነስታ እቅፍ አደረገቻት። ሙሐሲን «አስተግፊሩላህ» እያለ፣ ያጠፋው ምንም ሳይኖር መቀመጫ አጥቶ ቆመ። አራት ለአራት እንደሆኑ ቀሩ። ከሦስተኛው ጠረጴዛ ሁለት ሐሳብ ሄደ፣ አንዱን ሐሳብ ሌላው የሚቃወመው፤ ላይ ያሉት ሰዎች ምን እንዳደረጉበት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሲወጡ ፈየራ በሩ ጋ እየጠበቃት ነበር። ጎን ለጎን ሄዱ። እግራቸው ወዴት እንደሚወስዳቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ቤታቸው የነበረበት ቦታ አሁን የእግረኛ መንገድ ነው፣ ግራጫ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለበት። ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ሠራተኛ ተንበርክኮ የተነቀሉ ንጣፎችን ይጠግናል። «ግድግዳው እዚህ ጋ ነው» አለ ፈየራ፣ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል ቆሞ። «አይደለም፣ ወደዚህ ነው። የእናንተ አልጋ እኮ እዚህ ጋ ነበር» አለችው። ትንሽ ተከራከሩ። ከተከራከሩ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ መሃል ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትተው።

«ሐውልት አላሠራሁላትም» አለ ፈየራ። «ዘመዶቼ ይቆጡኛል። አንቺ ሳታዪው አላሠራም ብዬ ነው።»

«አንቺ» እንዳላት ሰማች። የመንገዱን አበባ አየች። «የት ልረፍ ብላህ ነበር?» አለችው በመጨረሻ።

«አልጠየቅኋትም፣ የሺ። አንቺስ?»

«እኔም አልጠየቅኋትም።»

ይህን ከተባባሉ በኋላ መጣላቱ ትርጉም አጣ። የሺሃረግ የሱሉልታ ታክሲ ከየት እንደሚያዝ ጠየቀችው፤ ከአዲሱ ገበያ መሆኑን፣ ቅዳሜ በጠዋት ቢነሱ ከሰልፉ እንደሚያመልጡ ነገራት። ታሪፉ ጨምሯል አለ፣ እሷም ምን ያልጨመረ ነገር አለ አለች። ጀንበሯ ወደ ፎቆቹ ጀርባ ወረደች። ሠራተኛው አዲስ ንጣፍ አሸዋው ላይ አኖረና በመዶሻው እጀታ መታ መታ አደረገው። ኳ፣ ኳ። ድምፁ ግን የመጣው ከእግራቸው ሥር፣ ግድግዳው ከነበረበት ቦታ ነው።

«አለሁ» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ። ፈየራ ደንግጦ ዞሮ አያት። እሱም አሁን በሚኖርበት ላንቻ ጠዋት ጠዋት ይህንኑ ድምፅ እንደሚሰማ፣ ለማንም እንዳልነገረ ከዓይኑ ገባት። ሠራተኛው ቀና ብሎ ሁለቱን አዛውንቶች አየና መዶሻውን አስቀመጠ።

የሺሃረግ እግሯ ሥር ወዳለው ንጣፍ ጎንበስ አለች። «አንቺስ?» አለች።

መልስ አልመጣም። ይመጣ እንደሆነ ግን ሁለቱም ጠበቁ።